አዳራሹ ሞልቶልሻል

ውድ ብርነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ ወረቀት አላበላሽም፤ ጤናሽን በቴሌቪዥን እያየሁት ነው። ወፈር ብለሻል፣ ፊትሽ ጠርቷል፣ ማይክ ስትይዢም እጅሽ አይንቀጠቀጥም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቸኮልም ደህና ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ዜና እየሰማ ዜና አንባቢውን መሳደብ ሆኗል። አንቺ ብቅ ስትዪ ግን ዝም ይላል። «ተያት፣ ጎረቤታችን ነበረች እኮ» ይለኛል። እኔ እንደ ባሌ ጨዋ አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ የሰጡሽ እትዬ ዙሌካ ናቸው። የጋራ ቤቱ በር ላይ አስቁመው ሰጥተውሽ ከሆነ፣ እንደነገርኳቸው አድርገዋል ማለት ነው። ሳትገቢ አንብቢው። አብረውሽ የመጡት እንግዶችና ካሜራ የያዘው ልጅ ትንሽ ይቁሙ። ቆሞ መጠበቅ በእኛ ሰፈር የተለመደ ነው፣ ማንም አልሞተበትም። ከውስጥ የምትሰሚውን ድምፅ ለጊዜው ተዪው፤ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪልኝ ብሎኩ ሥር ባለችው ኮንቴይነሬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የተማሪ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ስምሽን ስልኩ ላይ ሳየው ቁጥርሽ የተሰረቀ ነው የመሰለኝ።

«ጸዲዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ጠፋሽ እኮ» አልሽኝ።

«የትም አልሄድኩም፤ እዚያው አራተኛ ፎቅ ነኝ» አልኩሽ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናንተ ብሎክ ሥር ባለው አዳራሽ የሴቶች ንቅናቄ አለን። ሴቶቹ ቀዝቅዘዋል ጸዲ። የምርጫ ካርድ የምታወጣ ጠፋች። ከላይ እየተጠየቅን ነው። አንቺን ይሰሙሻል፤ አዳራሹን ብቻ ሙዪልኝ።»

«ምን ሆነው ነው የቀዘቀዙት?» አልኩሽ። እውነት ለመናገር፣ ምን እንደምትመልሺ ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

«ግንዛቤ ነዋ። የግንዛቤ ችግር ነው። ደሞ ፊት ወንበር ላይ እልልታ የሚችሉትን አስቀምጪልኝ። የነሞልቱ እልልታ በካሜራ ያምራል።»

ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ለኮንቴይነርሽም ጥሩ ነው፤ የሚነሱ አሉ ሲባል ስምሽን አነሳልሻለሁ» አልሽኝ። ይቺን ስትጨምሪ እንደ ውለታ ነው የቆጠርሻት፤ እኔም እንደ ውለታ የተቀበልኳት መስዬ ሰማሁሽ። «እሺ፣ እሞላልሻለሁ» አልኩሽ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ስትገቢ ታዪዋለሽ።

«አዳራሽ» ያልሽው የጋራ ቤታችንን ነው። መቼ አዳራሽ እንደሆነ አልሰማንም። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ተብሎ የተሠራ ቤት ነው። ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ፤ እኔና አንቺ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ የደረሰን በአንድ ዙር ነው፣ ለሴቶች ተብሎ በተለየው ድርሻ። ቁልፍ የተረከብን ቀን መስኮት የለው፣ መብራት የለው፣ አንቺ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። «በሕይወቴ ለሴትነቴ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው» አልሽኝ። አብሬሽ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጀሪካን ተሸክመን ያንን ደረጃ አብረን ወጥተናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ አርፈን እንሳሳቅ ነበር። ያቺን ብርነሽን እወዳት ነበር፤ ይህን የምልሽ ሌላውን ስትሰሚ ከጥላቻ የመጣ እንዳይመስልሽ ነው።

ያለፈው ምርጫ ሲደርስ ደረጃ ለደረጃ እየዞርሽ በር ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ። ማንም አላስገደደንም፤ በአንቺ አምነን ነው ካርድ ያወጣነው። በየቤቱ የነገርሽን ነገር አንድ ነበር፤ «የጋራ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ይሆናል፣ ቃል ገብተውልኛል፣ እናት ልጇን አስቀምጣ ሥራ ትሄዳለች።» ይህን ሰምታ ካርድ የማታወጣ ሴት ጀሞ ውስጥ የለችም። ሞልቱ ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አባቷ ገብስ ያጭዱበት በነበረ መሬት ላይ በተሠራ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ፣ «ለዚች ሳይደርስላት አይቀርም» ብላ ሆዷን እየዳበሰች ካርዷን ስታወጣ አይቻታለሁ። ዛሬ ቀዘቀዙ ትያለሽ። የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ የፈላ ነው። እኛ ፈልተን ነበር።

የምርጫው ዕለት ነገር ለእኔ እንደ ትናንት ነው። ሰኔ ነው፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ደርሷል። ሲብስ ደግሞ የእኛ ብሎክ የውሃ ፈረቃ ከዚያው ቀን ጋር ተገጣጠመ። ልጆች ቁርስ አልበሉም፣ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ የለም። ያኔ አንቺ ደረትሽ ላይ ባጅ አንጠልጥለሽ መጣሽና፣ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ ጀሪካናችሁን ተራ አስይዙና ልጆቻችሁን አብልታችሁ ተመለሱ፤ እኔ አለሁ» አልሽን።

ለሌላ ሰው ይህ ሞኝነት ይመስለዋል። ለእኛ ግን ሕግ ነው። በውሃ ተራ ላይ ጀሪካን ሰው ነው። እጀታዋ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለችው የእትዬ ዙሌካ እንደሆነች፣ ክዳኗ በፌስታል የታሰረችው የእኔ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ተጣልተን እንኳ አንዳችን የሌላችንን ጀሪካን አናነሳም። እና አመንን። ምርጫ ጣቢያው ፊት ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ደረደርን። አንቺን ጠባቂ አድርገን ወደ ቤት ሮጥን።

ስንመለስ ጀሪካኖቹ አጥሩ ሥር ተቆልለዋል። የእትዬ ዙሌካ ተንከባላ ቦይ ገብታለች። ሰልፍ የሚያስተካክለው ጎረምሳ፣ «እናቶች፣ ይሄ ምርጫ ጣቢያ ነው፣ ቦኖ አይደለም» ብሎ ሳቀብን።

«ማነው ያነሳው?» አልኩት።

«አስተባባሪዋ ናት ያስነሳችው። ለቀረጻ መጥተው ሰልፉ እንዳይበላሽ ብላ ነው።»

አንቺ ገብተሽ መርጠሽ ጨርሰሽ ነበር። በጣትሽ ላይ ያለውን ቀለም እያሳየሽ ካሜራ ፊት ስለ ሴቶች ትናገሪ ነበር። ሳይሽ ዓይንሽን ሰበርሽ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ «ምን ላድርግ ጸዲ፣ ጀሪካን በቲቪ ይታይ እንዴ?» አልሽኝ። ያኔ ነው የመጀመሪያዋ ነገር ልቤ ውስጥ የተሰበረችው። ቢሆንም አልሄድንም። ጭራው ላይ ተመልሰን ተሰለፍን። ሞልቱ ወገቧን ይዛ ቆመች። የመረጥነው አመሻሽ ላይ ነው። ብሎኩ ስንደርስ ውሃው ሄዷል፣ የተቀባነውን ቀለም የምንታጠብበት እንኳ አጣን።

ከዚያ በኋላማ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ። አንቺ ተሾምሽ፣ ብስራተ ገብርኤል ቤት ይዘሽ ገባሽ። የጋራ ቤቱ በር ትልቅ ቁልፍ ተገጠመበት። ለማቆያው ዕቃ እየገባ ነው ብለን ደስ አለን። ገባ፤ ወንበር ገባ፣ ድንኳን ገባ፣ ባነር ገባ። የስብሰባ መጋዘን አደረጋችሁት። አያያዛችንን አይታችሁ ጭብጧችንን ቀማችሁን። ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ተባልን። እኔ ሂደት የሚባለውን ነገር አይቼው አላውቅም፤ የጋራ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ እንጃ።

አሁን ስለ ሴና ልነግርሽ ነው። ሞልቱ ተሰልፋ በነበረች ጊዜ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ልጅ ናት፤ እንግዲህ ሳትወለድ የተሰለፈች መራጭ በያት። አምና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሞልቱ ለቡ በኩል ያለ ጫማ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ስትሄድ ልጇን ቤት ውስጥ ቆልፋባት ነው የምትሄደው። ይህን ስትሰሚ «ምን ዓይነት እናት ናት» እንዳትዪ። ሌላ ምን ታድርግ? እትዬ ዙሌካ ያን ሰሞን እህታቸውን ሊያስታምሙ ሄደው ነበር፣ እኔም ኮንቴይነር ውስጥ ነኝ።

ለምሳ ስወጣ ለቅሶ ሰማሁ። በሩን አንኳኳሁ።

«ሴናዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጀሪካን ላይ ወጥቼ ወደቅሁ።»

«ለምን ወጣሽ የኔ እናት?»

«እማዬ ስትመጣ በመስኮት ላያት ነዋ። እትዬ ጸዲ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

እጄ እምቢ አለኝ ነው ያለችው። አጥንቷ እንደተሰበረ ልጅቱ አታውቅም፣ እኔም በብረት በር ውስጥ አላይም። የእናቷ ስልክ ፋብሪካው በር ላይ ተቀምጧል፣ ጥበቃው በሥራ ሰዓት ሰው አይጠራም። በያጅ ጠራን፣ መብራት የለም። ቸኮል በሩን በትከሻው ሲመታ ትከሻው አበጠ እንጂ በሩ አልነቃነቀም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በበሩ ሥንጥቅ ተረት ስነግራት ዋልኩ። የማውቀው ተረት ሲያልቅ የራሴን ፈጠርኩ። ከተቀመጥኩበት በደረጃው ክፍተት ወደ ታች ሳይ ፊት ለፊቴ ያለው የጋራ ቤቱ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ያንን ቁልፍ ነው ሳይ የዋልኩት። ያን ቀን የጠላሁሽን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ደውዬልሽ ነበር። በሩን የሚሰብር ሰው እንድትልኪ ነበር የደወልኩት። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልሽኝ። መልሰሽ የደወልሽው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አዳራሹን ሙዪልኝ ልትዪኝ።

ማታ ሞልቱ ስትመጣ ሴናን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ክንዷ ተጠገነ፣ ግን እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይዘረጋላትም።

ግንዛቤ ላልሽው ደግሞ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በጠራችሁት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አንቺ መድረኩ ላይ ስልክሽን እያየሽ ስለነበር እንዳላየሽኝ ልቁጠረው። አሠልጣኙ አቶ አምሐ የሚባል ሰው ነበር። ሴቶች ለምን የመምረጥ ፍላጎታቸው ቀነሰ የሚለውን ጥያቄ እንዲያስረዳን የመጣው ወንድ ነው፤ ይህም አይገርመኝም፣ የምጥን ነገር ቢያስረዱንም የሚመጡት እነሱ ናቸው። በየገጹ ቀስት ያለበት ሥዕል እያሳየ ባህላዊ ተፅዕኖ፣ የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት፣ ዝቅተኛ ግንዛቤ እያለ ሄደ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ አንቀላፋች። እሷ እንኳን የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት የለባትም፤ ሌላ የምትተኛበት ሰዓት ስለሌላት ነው።

ሞልቱ እጇን አወጣች። እኔ ጎትቼ ላስቀምጣት ነበር፣ እምቢ አለች።

«የጋራ ቤታችን ማቆያ ይሆናል ተብለን ነበር የመረጥነው። መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች።

አቶ አምሐ ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናመሰግናለን። ግን ከዛሬው አጀንዳ ውጭ ነው።»

«አጀንዳው ምንድነው?»

«የሴቶች ተሳትፎ ለምን ቀነሰ የሚለው ነው።»

«እኔም እሱን እኮ ነው የምነግርህ» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም፣ ቀናም አላልሽም፤ ጣትሽ ግን ስልኩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምተሻል። ሰምተሽ ነው በሳምንቱ ደውለሽ «ግንዛቤ» ያልሽኝ። ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የማያውቅ ሰው ቢዋሽ ይማራል ይባላል፤ አንቺ ግን ጀሪካኑንም፣ ደረጃውንም፣ ሞልቱንም ታውቂያለሽ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኛ ግን የፈራነው ነገር የለም፣ አንዳችንም ምርጫ አንወድም አላልንም። ቸኮል እንኳ፣ «ሴቶቹ ካልወጡ ሌላው ይወስንላቸዋል» እያለ ይነዘንዘኛል። ልክ ነው። ሲወስንልን የኖረውም ሌላው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ጭቃ ላይ ቆመን ማየታችን ነበር። ሴቶቹ የሰለቻቸው መምረጥ አይደለም። የሰለቻቸው እልልታ መሆን ነው፣ የፊት ወንበር መሆን ነው፣ ለቀረጻ መነሳትና ለቀረጻ መቀመጥ ነው። ያኔ ያደላችሁንን ቲሸርት ምን እንዳደረግነው ጠይቂኝ። ደረጃውን እንወለውልበታለን፤ ውሃ በደንብ ይመጥጣል።

ደግሞ ከነጋዴ ሴት እስከ ፋብሪካ ሠራተኛ ቅዳሜ ሥራ እንዳላቸው ረስተሽዋል። ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሴቶቹ የሚበሉት ከየት እንደሚመጣ አስቦ አያውቅም።

ይኸው እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ትናንት ማታ ቁልፉን በጥበቃው በኩል ልከሽ፣ «በጠዋት ከፍታችሁ ጥርግርግ አድርጉት» ብለሻል። ጠርገነዋል። ወንበሮቻችሁን ወደ ግድግዳው ገፋናቸው፣ ድንኳኑን ጥግ አስያዝነው። አሁን ገፋ አድርገሽ በሩን ክፈቺና ቀና በይ።

የብሎካችን ልጆች ናቸው። የቀጣዩ ብሎክም አሉበት፣ ወሬ ሲሰሙ እናቶቻቸው ይዘዋቸው መጡ። ገና ጎህ ሲቀድ ጀምረው አንድ በአንድ እየሳሙ አስረክበውን ወደየሥራቸው ሄዱ። ሞልቱ ፋብሪካ ናት፤ የልጇን በር ሳትቆልፍ ስትሄድ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ ደረጃው ላይ ሁለቴ ተመልሳ አየቻት። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እንዳይበርዳቸው ባነራችሁን ዘርግተን ትንንሾቹን አስተኝተንበታል። ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገነዋል። «ሴቶች ይምረጡ፣ ይመረጡ» የሚለው በደንብ ይነበባል፤ የካሜራው ልጅ ከፈለገ ያንሳው። «ይመረጡ» የሚለው ላይ የሸናው ሕፃን የማን እንደሆነ አልነግርሽም።

አዳራሹን ሙዪልኝ አልሽኝ እንጂ በማን አላልሽኝም።

ቁልፉ እትዬ ዙሌካ አንገት ላይ ነው፣ ከሻሻቸው ሥር። እሳቸው ሰው አይጣሉም፣ ቁልፍም አይሰጡም። ከፈለግሽ እንግዶችሽ ፊት ጎርጉረሽ ውሰጂው። ከፈለግሽም ጎረምሶችሽን ጠርተሽ ልጆቹን አስነሺ፤ ቀረጻው እንዳይበላሽ። ጀሪካን ቢሆኑ አንድ ቃል ይበቃሽ ነበር። ዛሬ ተራ ያስያዝነው ግን ጀሪካን አይደለም፤ ሲነሳ ያለቅሳል። የእኔንም ኮንቴይነር ብታስነሺብኝ፣ መርፌና ክር ይዤ እዚሁ ደጃፍ ቁጭ እላለሁ፤ ለልጆቹም አንድ ጠባቂ ይጨመርላቸዋል።

ወይ ደግሞ ቁልፉን ትተሽ ትሄጃለሽ። ቃል አልፈልግም፣ «በሂደት ላይ» አልፈልግም፣ ምርቃትም ሪባንም አልፈልግም። ሰኞ ጠዋት ይህ በር ክፍት ከሆነ፣ በዚያው ጠዋት ሄጄ ካርድ አወጣለሁ። ሞልቱም ታወጣለች፣ ሌሎቹም ያወጣሉ፤ ተነጋግረናል። ማንን እንደምንመርጥ ግን አንቺን አይመለከትም። ያቺ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው ብርነሽ ውስጥሽ ቀርታ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ካልቀረችም እኔ ቅዳሜዬን አላባከንኩም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፊት ወንበር ላይ እልልታ የምትችል አስቀምጪልኝ ብለሽኝ ነበር። አስቀምጬልሻለሁ፤ ያቺ ኮፍያ ያደረገችው ሴና ናት፣ ኮፍያውም ያኔ ያደልሽን ነው። ክንዷ ስለማይዘረጋ አታጨበጭብልሽም። እልልታ ግን እናቷ አስተምራታለች፣ ድምፅዋም ያምራል። ቁልፉን ትተሽ ስትወጪ እልል በይ ብያታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ብትለምኛትም አትልም።

ከኮንቴይነሬ መስኮት እያየሁሽ ነው።

ጸደንያ
አራተኛ ፎቅ